አልጋ የሚያስለቅቁት አጎቴ

አጎቴ ከደምበጫ ወጣ ባለ ገጠር፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል አልጋ አንጣፊ ነበሩ። እኔም አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ያን ዓመት ያጠብሁት አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ደብረ ማርቆስ ደርሶ ይመለሳል።

ሰው በሞተበት አልጋ አዲስ በሽተኛ ከማስተኛታቸው በፊት ብረቱን በጣታቸው ያንኳኳሉ። «ወንድሜ፣ እንግዳ መጥቷልና አልጋውን ልቀቅለት» ይሉና ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«እምቢ ቢልዎትስ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«አንተ ቀላማጅ! የሞተ ሰው አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝስ እንዳንተ ያለው ሕያው ነው!»

እሳቸውም እዚያው፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ አረፉ። ቀብረን ስንመለስ አንዲት አሮጊት በቃሬዛ መጡ፤ ከአጎቴ አልጋ በቀር ባዶ የለም። አንሶላውን አነጠፍሁ። አሮጊቷ ግን ልማዱን ያውቁ ኖሮ፣ «ሳይንኳኳማ አልተኛም» አሉ። ክፍሉ በሙሉ እኔን ያያል። ካላንኳኳሁ እኒህ ሴት ቃሬዛ ላይ ሊቀሩ ነው፤ ካንኳኳሁ ደግሞ አጎቴን በገዛ እጄ ማስወጣቴ ነው።

አንኳኳሁ። «አጎቴ፣ እንግዳ መጥተዋልና አልጋውን ይልቀቁላቸው» አልሁና እንደ እሳቸው ጆሮዬን አዘነበልሁ። ብረቱ ቀስ ብሎ ሲጥ አለ። ስለ አንሶላው አጋንኛለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርሁም።

አሮጊቷን አስተኛናቸው። ፍራሹን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይሞቃል እኮ! ሰው አሁን ነው እንዴ የተነሣበት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ አሁን ነው የተነሡት» አልኋቸው።

አጎቴ፣ በሄዱበት አልጋ የሚያነጥፍልዎ አይጡ።