ሳሙና ገንዘብ የነበረበት ክፍል

ሐሙሲት ላይ ከሚኒባስ አስወርደው ያዙን፤ ታላቅ ወንድሜንና እኔን። እሱ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር። እኔ ወንድሙ ነኝ። ሌላ ጥፋት አልነገሩኝም። ደብረ ታቦር ስንደርስ ስልካችንን ወሰዱ።

ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ሽታው ቀድሞን ወጣ። ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ሞልቶ ይፈሳል። ሰው ከጎኑ ተኝቷል።

እዚያ ውስጥ ገንዘቡ ሳሙና ነበር። ከጋቢ በመዘዙት ክር ይቆርጡታል። በአንድ ቁራጭ ቆሎ ወይም ስኳር ይገዛል፤ ከባልዲው ራቅ ያለ መኝታም ይገዛል። ብዙ የነበራቸው ከእብናት የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ማንንም አያስነኩም።

ወንድሜ መምህር ነበር፤ ክርክር ይወዳል።

«አባባ፣ እኔ ስልኬ ውስጥ ከአንቱ የበለጠ ገንዘብ አለኝ» አላቸው።

«የታለ? አሳየኛ!»

ወንድሜ ባዶ ኪሱን ዳበሰ።

«ወረቀቱስ ቢሆን» አሉ፤ «ማሰሮ ውስጥ ቀብሬው፣ ብር ተቀየረ ሲባል ሳልሰማ ቀረሁ። አሁን እሳት ማያያዣ ነው።»

«ገንዘብ ማለት መተማመን ነው፣ አባባ።»

«እህ! ከማን ጋር ተማምነህ ነው እዚህ የገባኸው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ።

ከዚያ ተቅማጥ ያዘው። ደም ቀላቀለ። መቆም አቃተው። ጠባቂውን መድኃኒት ግዛልን ብዬ ለመንኩት። ወንድሜ ጫማው ውስጥ የደበቀውን መቶ ብር ሰጠሁት። ላብ አርሶት ከመሀል ተቀዷል። ጠባቂው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሸተተውና ጣለው።

«ቀዳዳ ብር ማን ይቀበለኛል? በስልክ ላክ።»

የወንድሜን ስልክ አመጣ። ኔትወርክ የለም።

«እንግዲህ ሲመጣ» አለና መልሶ ኪሱ ከተተው።

አዛውንቱ ቋጠሯቸውን ፈቱ። «ሁሉንም ውሰደው ልጄ። መድኃኒቱን ብቻ አምጣለት።»

ጠባቂው ሳሙናውን አይቶ ሳቀ። «የእኔ እጅ ንጹህ ነው» አለ።

ወንድሜ ሲነጋጋ ሞተ።

«ሰው ሳይታጠብ አይገነዝም» አሉ አዛውንቱ። ያን ሁሉ ሳሙና መሬት ላይ ዘረገፉት። ሌሎቹም ቁራጫቸውን አመጡ። የምንጠጣውን ውሃ አዋጣን። አጠብነው። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ሸተተ።

ገና ሳንጨርስ ጠባቂው እየሮጠ መጣ።

«ኔትወርክ መጣ! በል ላክና ሬሳ የሚጭን መኪና ልፈልግልህ።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። እጄ አረፋ ነበር።

«አልጨረስንም» አልኩት። ዞሬ የወንድሜን እግር ማጠቤን ቀጠልኩ።

በአዛውንቱ ጋቢ ገነዝነው። የመንደራችን ሰዎች ወሬው ደርሷቸው መጡና በቃሬዛ ወሰዱት። እኔን ለቀብሩ አልለቀቁኝም።

ዛሬ እኔም በስልክ እከፍላለሁ። ሰው ይቀበለኛል፤ ገንዘብ አይደለም ብዬ አልከራከርም። የወንድሜን ስልክ ስወጣ መልሰውልኛል። ውስጡ ያለው ብር አልተነካም። ከፍቼ አየውና መልሼ እዘጋዋለሁ።

አዛውንቱ አሁን «የታለ?» ቢሉኝ ማሳየት እችላለሁ።