የዶን ሞንሴ አፍና የዋልደማር ጉልበት

ዶን ሞንሴ ዕድሜውን የጨረሰው የከተማችንን የሳንታ ብሪሂዳን ልጆች በአውቶብስ ትምህርት ቤት ሲያመላልስ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ምን ትሠራለህ ሲሉት «ፔሊካኖቹን አሰለጥናለሁ» ይላል። ፔሊካኖች የከተማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ናቸው። እውነተኛ አሰልጣኝ አላቸው፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። ዶን ሞንሴ የሚያሰለጥናቸው አደባባዩ ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። በእሱ ቤት ቡድኑ የሚሸነፈው አሰልጣኙ እሱን አልሰማ ብሎ ነው፤ ሲያሸንፍ ደግሞ «ሰምቶኛል ማለት ነው» ይልና እግሩን ያነባብራል።

ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሳይወልዱ ሚስቱ ሞተችበት፤ ቤቱ ባዶ ሆነና አደባባዩ ቤቱ ሆነ። በዚህ ዓለም የእኔ የሚለው አንድ የክርስትና ልጅ አለው፤ ዋልደማር ይባላል። የዋልደማር አባት የአውቶብሶቹ መካኒክ፣ የዶን ሞንሴ የልብ ወዳጅ ነበር፤ አባትየው የሞተው ልጁ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ከዚያ በኋላ ልጁን ልምምድ የሚያደርሰው፣ ጫማ የሚገዛለት፣ ሲሸነፍም አብሮት የሚያኮርፈው ዶን ሞንሴ ሆነ። ዋልደማር አድጎ የፔሊካኖቹን ማሊያ የለበሰ ዕለት ዶን ሞንሴ በሕዝብ መሀል አለቀሰ። ማልቀሱን እስከ ዛሬ ይክዳል፤ ላብ ነው ዓይኔ የገባው ባይ ነው።

ዋልደማር ኮከብ አልወጣውም። ከተጠባባቂዎቹ ወንበር እየተነሳ ኳስ አከፋፋዩ ሲደክመው ይገባል፤ ቡድኑን አረጋግቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ለእሱ ይኼ በቂ ነበር። ከሪዮ ኦንዶ ቡድንም ከሌላም ሲጠሩት እምቢ ያለው ለእናቱ ለዶኛ ሚልታ ብሎ ነው። የሴትዮዋ ዓይን ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪም ቤት የሚወስዳትም፣ መድኃኒቷን የሚለይላትም እሱ ነው።

ዘንድሮ ፔሊካኖቹ የፍጻሜው በር ላይ ደርሰው በሪዮ ኦንዶ ተሸነፉ። ዋናዎቹ ተጫዋቾች በብዙ ነጥብ መርተው ሊያርፉ ወጡ፤ ተጠባባቂዎቹ ገቡና የተመራበትን ነጥብ ሁሉ መልሰው አስረከቡ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ማዕበል ሊመጣ ነው እያለ ራዲዮው ሲለፈልፍ እንኳ፣ መስኮቱ ላይ ጣውላ እየመታ ያለው ሰው ጎረቤቱን የሚጠይቀው ማንን ሰጥተን ማንን እናምጣ ብሎ ነው።

ከሽንፈቱ በኋላ ባለው እሑድ ዶን ሞንሴ እንደ ልማዱ ዶኛ ሚልታ ቤት ምሳ በላ። ዋልደማር ሳህኑን ገፋ አድርጎ አንድ ነገር ነገረው። በዋና ከተማው ያለ ሐኪም ጉልበቱን በመሣሪያ አይቶታል፤ ልም አጥንቱ ተቀዷል። ትንሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ክለቦቹ በሚያርፉበት ጊዜ ቢሠራለት ውድድሩ እስኪጀምር ድኖ ይቆማል።

«ውሌን የሚያድሱት በመጪው ሳምንት ነው» አለ ዋልደማር። «ከፈረምኩ በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አሁን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን፣ ክርስትና አባቴ።»

«እኔን ነው የምታስጠነቅቀው?» አለ ዶን ሞንሴ ተቆጥቶ። «መቃብር ነኝ!»

ዶኛ ሚልታ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ።

አሁን ስለ ታቶ ልንገራችሁ። ታቶ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀጉር የሚቆረጥ ሰው ሲጠፋ ሱቁን ዘግቶ ዛፉ ሥር ይመጣል። ስልኩን የዶሚኖ መጫወቻው ሳጥን ላይ ያቆምና ክርክሩን በደጋፊዎች ገጽ ላይ በቀጥታ ያስተላልፋል። ይኼ የእኛ ከተማ ልማድ ነው። ገጹን የከተማው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የክለቡ ሰዎችም ምሳቸውን እየበሉ ያዩታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዶን ሞንሴ እንዲያውም ለዚያ ብሎ የተተኮሰ ሸሚዝ መልበስ ጀምሯል።

በማክሰኞው ክርክር ዛፉ ሥር ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ታቶ፣ ዶን ሞንሴና የዳቦ ቤቷ ኔልሳ። ኔልሳ ሽርጧን ሳታወልቅ ነው የምትመጣው፤ ምላሷ ከዳቦ ቢላዋዋ ይብሳል።

«ችግራችን ተጠባባቂዎቹ ናቸው» ብሎ ጀመረ ታቶ። «ወንበሩ ላይ ያሉት ተጫዋቾች አይደሉም፤ በነጻ የገቡ ተመልካቾች ናቸው።»

«አንተን እናስገባ እንግዲህ» አለች ኔልሳ። «ሌላው ቢቀር በቦርጭህ መንገድ ትዘጋለህ።»

«እኔ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ» አለ ዶን ሞንሴ ወደ ስልኩ ዞሮ። «የሪዮ ኦንዶው ረጅሙ ልጅ፣ ኦተሮ! ዋናው ረጅማችን ሲደክም እሱ ይገባል። ሁለቱን አዳዲስ ልጆች ሰጥተን እሱን እናመጣለን። አለቀ።»

«ሁለቱን በምርቃት ብትሰጣቸው የትራንስፖርት ጨምር ነው የሚሉህ» አለች ኔልሳ።

ታቶ ዶሚኖውን በጣቱ እያሽከረከረ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶን ሞንሴ፣ እንዳትቀየመኝ። ሪዮ ኦንዶዎች ኦተሮን የሚሰጡን በዋልደማር ብቻ ነው። ዋልደማርን እንስጥ።»

«ማንን?»

«ልጁን እወደዋለሁ፤ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ግን ቀርፋፋ ሆኗል፣ አባቴ። በመጨረሻው ጨዋታ የነሱ ልጅ እንደ ቆመ መኪና ነው ዞሮት ያለፈው።»

«አፍህን ሰብስብ።»

«ምን አጠፋሁ? አንተ አውቶብሱን አስረከብክ፤ የቆመ መኪና ይዘህ ቀረህ!»

ኔልሳ ሳትወድ በሳቅ ፈረሰች። ከዳቦ ቤቱ ደጅ የቆሙትም ሳቁ። ስልኩ ላይ የሚስቁ ፊቶች ከታች ወደ ላይ ይጎርፉ ጀመር። ዶን ሞንሴ አያቸው። በዚያች ሰዓት ዋልደማርን አላሰበም፤ ያሰበው የተሳቀበትን ራሱን ነው።

«ስማ አንተ ምላጭ!» ብሎ ተነሳ። «ያ ልጅ በአንድ እግሩ ነው የተጫወተው! የጉልበቱ ልም አጥንት ተቀዶ! ሐኪሙ በመሣሪያ ሲያየው በዚህ ጉልበት እንዴት ቆምክ ብሎ ነው የደነገጠው! አንተ እንቅፋት ሲመታህ ሱቅህን ሳምንት የምትዘጋ ሰውዬ፣ እሱ ተቀዶም ለናንተ ሮጠ! ጀግና ነው!»

ታቶ ተሸነፈ። ስልኩ ላይ የሚስቁት ፊቶች ቆመው ቀይ ልቦች መጉረፍ ጀመሩ። ዶን ሞንሴ ልቦቹን ሲያይ ደስ አለው፤ ደስ ብሎትም ጨመረበት።

«ግራ ጉልበቱ ነው» አለ። «ገና ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል።»

ቀድማ የነቃችው ኔልሳ ነች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «ሞንሴ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይኼ አደባባይ የሚወጣ ነገር ነው?»

ታቶ ስልኩን ደፋው። ምን ዋጋ አለው፣ ያየው ሁሉ አይቶታል። ዶን ሞንሴ እንደቆመ ቀረ፤ የተተኮሰው ሸሚዝ ከጀርባው ላይ በላብ ተጣበቀ። ተናግሮ የጨረሰውን ቃል በልቡ አንድ በአንድ ደገመውና አንዱንም መልሶ ሊውጠው አልቻለም።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ አልታየም። ቤቱ ተቀምጦ ለልጁ ብዬ ነው፣ ሲሰድቡት ዝም ልል ነው እንዴ እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሙግቱ አላዋጣውም። ለልጁ ቢሆን ኖሮ ታቶ ያሸንፍ ብሎ ይተወው ነበር። የቆመ መኪና ቢባል ዋልደማር ምን ይጎድልበታል? የሚጎድለው የእሱ የዶን ሞንሴ ኩራት ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይግላል፤ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ እጁን ፊቱ ላይ ያደርጋል። ወደ ዋልደማር ለመደወል ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ዋለ፤ ያ ሁሉ ወሬኛ አንድ ቃል አጣ።

ሐሙስ ዕለት ዳቦ አልቆበት ወጣ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እሱ ሲገባ ወሬያቸውን ቆረጡ። ኔልሳ ዳቦውን ጠቀለለችለት፤ እንደ ወትሮው አልተረበችውም።

«ክለቡ መግለጫ አውጥቷል» አለችው። «ዋልደማርን ለላስ ፒኛስ ሰጥተውታል።»

ላስ ፒኛስ በደሴታችን ሌላ ጫፍ ያለ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣ ቡድን ነው።

«በማን ለወጡት?» አለ ዶን ሞንሴ።

«በሰው አይደለም» አለች ኔልሳ ዓይኗን ከባንኮኒው ሳታነሳ። «በመምረጫ ተራ ነው የለወጡት። አዳዲስ ልጆች ሲመረጡ፣ በሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ተራ።»

ሦስተኛው ዙር ማለት ሌላው ሁሉ መርጦ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። ዋልደማር የተለወጠው ገና ስሙ በማይታወቅ፣ ምናልባት አሁን ክፍል ውስጥ በሚያንጎላጅ ተማሪ ነው። ታቶ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔ እኮ ለጨዋታው ድምቀት ያህል ነው ያልኩት፣ ዶን ሞንሴ» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ወጥቶ ሄደ። ዶን ሞንሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዳቦውን ረስቶ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ዶኛ ሚልታ ደወለች። «ምሳ ቀርቷል እንዴ፣ አበልጄ?» አለችው። ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም። አሞኛል ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር፤ «እመጣለሁ» የሚለው ወጣ።

በሩን የከፈተለት ዋልደማር ነው። ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጎንበስ ብሎ «ይባርኩኝ፣ ክርስትና አባቴ» አለው፤ በእኛ አገር የክርስትና አባቱን ሲያገኝ ይህን የማይል ልጅ ባለጌ ነው። «እግዚአብሔር ይባርክህ» አለ ዶን ሞንሴ፤ ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም ነበር። ማዕዱ ቀርቧል፤ ሩዝ በአተር፣ የተጠበሰ አረንጓዴ ሙዝ፣ የደረቀ ዓሣ ወጥ። ዶን ሞንሴ ዓይኑን ከጠረጴዛው ልብስ ላይ አላነሳም። ይቅርታውን መንገድ ላይ አጥንቶት ነበር የመጣው። ልጄ፣ ያጠፋሁህ እኔ ነኝ፤ ይኸው ነበር፣ ከዚህ አይረዝምም። ሊጀምር ሲል ዋልደማር ቀደመው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት» አለ። «ረቡዕ ዕለት ክለቡ ጠርቶኝ ነበር። የአደባባዩን ቪዲዮ ከፍተው እውነት ነው ወይ አሉኝ። እኔ...» ውኃ ጠጣ። «እኔ ካድኩ። ሽማግሌው ሰው እንዲሰማው ሲል ያላየውን የሚያወራ ሰው ነው አልኳቸው። አፉን ሲከፍት የሚለውን አያውቅም፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አይሰማውም አልኳቸው። በክርስትና አባቴ ስቄ አሳቅኳቸው፣ ያመኑኝ መስሎኝ። በኋላ ወደ ሐኪማቸው ወሰዱኝ፤ ጉልበቴን ሲያዩት እኔም ውሸታም ሆንኩ። መሄዴስ ይሁን። እርስዎን ማዋረዴ ግን አላስቀመጠኝም።»

ከወንበሩ ተነስቶ፣ የተጠቀለለውን እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ በጤነኛው ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ዶን ሞንሴ ያጠናው ቃል ሁሉ ጠፋበት። የልጁን አናት አየ፤ ታቶ ባለፈው ሳምንት የቆረጠውን ፀጉር። ተነስ፣ መንበርከክ ያለብኝ እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። እጁ ግን ሳያዘው ተነስቶ የልጁ ራስ ላይ አረፈ፤ አፉም እንደ ልማዱ ከልቡ ቀደመ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አለ።

ሲሰማው ራሱን ዘገነነው። ዶኛ ሚልታ ማንኪያዋን እንደያዘች የደከመ ዓይኗን ወደ እሱ አቅጣጫ አዞረች። ጠበቀችው። ብዙ ጠበቀችው።

«ማን ነው ማንን ይቅር ያለው፣ አበልጄ?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«እማዬ፣ ተያቸው» አለ ዋልደማር ጠረጴዛውን ተደግፎ እየተነሳ። «ያውቁታል። ይብሉ።»

ሳህኑን ራሱ ሞልቶ ዶን ሞንሴ ፊት አስቀመጠለት። ትቶ መሄድ ሌላ በደል ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ በላ። ወጡም ጣፈጠው፤ መጣፈጡም አሳፈረው።