ያስወለቅኩት ጓንት

ይህን ጓንት አልሰጥሽም ወዳጄ። እጅሽ ከቀዘቀዘ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው። ሣጥኑን የከፈትኩት ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር፤ እርጥበት የነካው የበግ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ጊዜ ቁጭ አልኩ። የአባቴ ነው። እናቴ ናት የሠራችለት። ያን ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ፣ ለባል የቸኮልኩ ደደብ ነበርኩ።

አባቴ አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ቀዶ ጥገና ተደረገለትና በየአሥራ አምስት ቀኑ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየወረደ ኬሞ መውሰድ ጀመረ። መድኃኒቱ ፀጉሩን አልነካውም፤ ሌላውን ግን አልማረውም። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይለው ነበር። ነፋሱ ከቢራ ፋብሪካው የብቅል ሽታ ይዞ ሲመጣ ጓሮ ወጥቶ ያስመልሰዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ብርዱ ነው። ነርሷ አስቀድማ ነግራዋለች፤ «አባቴ፣ ቀዝቃዛ ነገር እንዳይነኩ፣ ቀዝቃዛ እንዳይጠጡ። ጣትዎን መርፌ እንደሚወጋዎት ያደርግዎታል።» ደብረ ብርሃን ላይ! ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት አገር! አባቴ ሳቀ። «የት ልሂድልሽ ልጄ፣ አፋር ልውረድ?» አላት።

ጓንቱ የመጣው ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶ ቤትም አያወልቀውም፤ በጓንት ሰላም ይላል። ለጎረቤት «ጨጓራውን ነው» ብለን ነበር። ሽማግሌ ሊላክብኝ ስለነበር «ዘራቸው ካንሰር አለበት» እንዳይባል አባቴንም እናቴንም ያስማልኩ እኔው ነኝ። እግዚኦ ያገሬ ሰው! መጀመሪያ «ኮራብን» አሉ። ኋላ ወሬው አንኮበር፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ዘንድ ሲደርስ «ጣቱን የሚደብቀው ቁምጥና ቢኖርበት ነው» ሆነ። ቢሆንስ? በኪኒን የሚድን በሽታ! ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው እጮኛዬ ደውሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌዎቹ እጁን ማየት ይፈልጋሉ» አለኝ። በግ የሚገዙ መስሏቸዋል። ስልኩን ጆሮው ላይ መዝጋት ሲገባኝ «እሺ» አልኩት። እኔም ከሱ አልሻልም ነበር።

ለመልስ ተቀጥረው የነበሩት ሽማግሌዎች እሑድ ማለዳ በሩን አንኳኩ። አባቴ ኬሞውን ከወሰደ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጓንቱን አጥልቆ ሊከፍትላቸው ሲነሳ ክንዱን ያዝኩት።

«አባባ፣ ዛሬ ብቻ አውልቀው።»

«ይወጋኛል እኮ ልጄ።»

«አምስት ደቂቃ አትችልም? ሰው ፊት አታዋርደኝ!»

አታዋርደኝ ነው ያልኩት። በዚያው አፌ ነው ዛሬም እንጀራ የምበላው።

ዓይን ዓይኔን አየኝና ከእያንዳንዱ ጣቱ ላይ ቀስ እያለ አወለቀው። አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያ ሄዶ ውርጭ ያደረበትን የብረት መቀርቀሪያ በባዶ እጁ ሳበው። ትከሻው ድንግጥ ሲል በመስኮት አየሁት። አራት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አራቱንም ጨበጠ። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ መንገድ ባቀዘቀዘው እጃቸው የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ። «እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት?» ይላሉ፣ ይዳስሳሉ። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እጁን ግን አይነጥቅም። ቆጥረው ሲጨርሱ ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ዞር ብለው ለጓደኛቸው «ንጹሕ ዘር ነው» አሉ። አስተዋይ መሆናቸው ነው!

ልጅቱ ተሰጠች፣ እልል ተባለ። ጓዳ ስገባ አባቴ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። «አለቀ?» አለኝ። ጓንቱ እጄ ላይ ነበር። እሱን መስጠት ረስቼ ስለ ቀለበት አወራሁለት።

ባሉስ ትዪኛለሽ። ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ የአባቴ በሽታ ካንሰር እንደነበር የሰማ ዕለት «አታለላችሁኝ» ብሎ ወጣ። እሰይ ወጣ! የሚያንገበግበኝ እሱ አይደለም። እሱን ለሚያህል ተራ ሰው ብዬ አባቴን ማስወጋቴ ነው።

አባቴ ድኗል፣ ተመስገን። ጣቶቹ ግን አልተመለሱም። ያ መድኃኒት መጀመሪያ ሲወጋቸው ከረመ፣ ኋላ አደንዝዟቸው ቀረ። አሁን ብርዱንም ሙቀቱንም አይለዩም፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ጓንቱንም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሰጠኝ። ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስንሞቅ እጁን ጉልበቱ ላይ በሁለት እጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ዘንድሮ ስላማረው ገብስ አወራኝ። ኋላ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲያይ፣

«ውይ፣ ይዘሽኝ ኖሯል እንዴ?» አለኝ።