ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው

የኮሌጁን ስም አልጽፍም። ልደታ አካባቢ መሆኑ ይበቃል፤ የሚያውቁት ያውቁታል።

በደርግ ጊዜ የዚያን ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አራት ዓመት አሰለጠንኩ። አራቱንም ዓመት ደብዳቤዬ ላይ የሰፈረው «ተጠባባቂ አሰልጣኝ» የሚል ነበር። ማን እስኪመጣ እንደምጠብቅ የነገረኝ የለም። ሜዳውን በኖራ የማሰምረው እኔ፣ የተበሳውን ኳስ ተክለ ሃይማኖት ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ የማስለጥፈው እኔ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ስለ ቡድኑ ሪፖርት የሚያቀርበው ግን የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበር። አንድ ቀን እንኳ ኳስ ሲያነጥር አይቼው አላውቅም።

የአብነት ሰፈር ጎረምሶች አጥሩ ላይ ተሰቅለው ልምምዳችንን ያያሉ። ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር «እትዬ፣ ወጡ አረረ!» ይሉኛል። እሱን ለምጄው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሊቀመንበሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ ቡድኑ ድሬዳዋ ለሚደረገው የኮሌጆች ውድድር ካለፈ ዋና አሰልጣኝነቴ እንደሚጸድቅ ነገረኝ። በጽሑፍ ይስጡኝ አልኩት።

«ጓድ፣ አያምኑኝም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የማጣሪያውን የመጨረሻ ጨዋታ በገዛ ሜዳችን አደረግን። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሏን አስወጣሁ። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። እያነከሰች ነው አልኩ። ፎጣዋን ራሷ ላይ ጥላ ተቀመጠች፤ ውሃ ብሰጣት አልተቀበለችኝም። ያለ እሷ በሁለት ነጥብ አሸነፍን።

በማግስቱ እንደ ደንቡ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን የተሸነፈውም ያሸነፈውም ተሰብስቦ ጥፋት ይፈልጋል። ሊቀመንበሩ «አሰልጣኟ ላይ ሂስ ያለው?» ሲል ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። አምበሏ ተነሳች።

«ጓድ አሰልጣኝ በግል ስሜት ይመራሉ» አለች። «ቡድኑን እንደ ቤታቸው ነው የሚያዩት። እኔን ያስወጡኝ አኩርፈው ነው።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሳ። «ጓድ አሰልጣኝ፣ እንግዲህ ግለ ሂስዎን ያድርጉ። ጥፋትዎን ካመኑ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ሌሎቹ መምህራን ያላጠፉትን ሲያምኑ ይውላሉ፤ እኔም ከዚያ በፊት ስለ አንድ የጠፋ መረብ አምኛለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ጥፋቴ ቀድሜ አለማስወጣቴ ነው» አልኩ።

ከኋላ አንዷ ልጅ ሳቋ አመለጣት። ሊቀመንበሩ ጻፈ።

ድሬዳዋ የሄደው እሱ ነው፤ ያውም በዋና አሰልጣኝነት። ኳሶቹን በጆንያ አድርጌ ለገሃር ድረስ ያደረስኩለት እኔ ነኝ፤ የት እንደሚቀመጡ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ። ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ «የቀድሞዋ ተጠባባቂ አሰልጣኝ የዝግጅት ጉድለት» ተባለ። እኔን መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፋይል ሳገላብጥ ኖርኩ፤ ፊሽካ ዳግመኛ አልነፋሁም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት «ቲቸር!» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አምበሏ ነበረች። ይዤ ቀና አደረግኳት።

«ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ።

«አዘውሽ ነው። ዘመኑ ነው» አልኳት። ለራሴም ስለው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

«ኧረ ማንም አላዘዘኝም። ተናድጄ ነው» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እግሬ እኮ ደህና ነበር ቲቸር።»

ያን ቀን ሜዳ ላይ «ለረጅሟ አቀብዪ!» ብዬ ስጮህ፣ ዞር ብላ በተመልካች ሁሉ ፊት «እኔ አውቃለሁ፣ ዝም ይበሉ!» ብላኝ ነበር። አጥሩ ላይ ያሉት ጎረምሶች አጨበጨቡላት። ፊሽካውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ነው እንድትወጣ በእጄ የጠራኋት። ማነከስ የሚለው በኋላ የመጣልኝ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ነጠላዬን አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ይቅርታ አልሰጠኋትም፤ አልጠየቅኳትምም።