ከመርፌው በኋላ አትተኚ

የበላይነሽ ቀን የሚፈጀው እንደ እህል በቁና የተሰፈረ ጉልበት ነው። ከአንገረቧ፣ ከጠፍር አልጋዋ፣ ተነስታ እግሯን መሬት ለማስነካት አንድ እፍኝ ይሄዳል። ፊቷን ለመታጠብ ሌላ እፍኝ። ለልጇ ያችኑ ቀጭን የማሽላ አጥሚት አማስላ ስታወርድ ቁናው ባዶ ነው፤ በሱዳኗ ባሱንዳ ግን ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው።

ዓመቱ የረሃብ ነውና ድካሟን የሚሰማ የለም። «አንቺ ብቻ ነሽ የደከመሽ?» ትላታለች ጎረቤቷ በለጡ። «እኛንስ ነፋስ አይደል ደግፎ ያቆመን!»

እውነቷን ነው። ግን የረሃብ ድካም እህል ሲያይ ይሸሻል። የበላይነሽ ድካም በልታም ቢሆን አይለቃትም። ጡቷ ላይ ለወጣው ካንሰር ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል እየተመላለሰች መርፌ ትወስዳለች።

መጀመሪያ ተወግታ የተመለሰች ዕለት ለባሏ ለእንግዳው፣ «ደም ሥሬ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል» አለችው። እንግዳው መርዝ መስሎት ክው አለ። ወንድሙ አስናቀው ሰሊጥ ሲያጭድ እባብ ነድፎት፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ እንደተኛ ቀርቷል። የተነደፈ ካንቀላፋ መርዙ ልብ ይደርሳል ይላሉ ሰሊጥ አጫጆች። ስለዚህ ሚስቱ ዓይኗን በከደነች ቁጥር ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር።

«በላይ! ተነሽ!»

«እባክህ፣ ትንሽ ሸለብ ያድርገኝ።»

«መቃብር ገብተሽ ትተኛለሽ!»

«እዚያስ ቆርቆሮህን ይዘህ አትመጣም?»

ሲመሽ እሱ ደክሞት ይዘረራል። እሷ ግን እንቅልፉ ከድቷት የጣራውን ሣር ስታይ ታነጋለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ «አልሄድም» አለች። ለመናት፣ ተቆጣት፣ አልቻላትም። እብጠቱ ብብቷ ድረስ ሲዘልቅ ጊዜ ነው በሎሪ ጭነው የወሰዷት።

«ለምን ቀረሽ?» አለቻት ነርሷ ራዲያ።

«ለመተኛት።»

ራዲያ ነገሩን ከሥሩ ሰምታ ወደ እንግዳው ዞረች። «ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ይኼ የእባብ መርዝ አይደለም። ቀን ትንሽ ትረፍ፤ ጧት ጧት በጥላ ጥቂት ትራመድ። እንቅልፍ እምቢ ካላት ለእኛ ንገሩን እንጂ አትቅጧት።»

መርፌው እንደገና ተጀምሯል፤ ያመለጣትን ጊዜ ግን ማንም አይመልስላትም። እንግዳው አሁን ቆርቆሮውን ጥሎ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚጮሁ ልጆችን ያባርርላታል። እንቅልፍ ግን እንደተባረረ ድመት ነው፤ ስለጠሩት አይመለስም።

«ይህን የምታነቡ» ትላለች በላይነሽ፣ «ቤታችሁ እንደኔ መርፌ የምትወጋ ሴት ካለች፣ ቀን ስታንቀላፋ ብታገኟት ሰነፍ አትበሏት። አትቀስቅሷትም። ልጇን ያዙላትና ውጡ። በሩንም ቀስ አድርጋችሁ መልሱት።»