ታጣፊው ስልክ ውስጥ ያሉት ሰዎች

ታጣፊ ስልክ ይዤ መሥሪያ ቤት የገባሁ ቀን የተሰማኝ ሀፍረት ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ዋናው ሀፍረት ገና ከፊቴ ነበር።

ስማርት ስልኬን መገናኛ ላይ በታክሲ መስኮት ነጥቀውኝ ነው። ሌላ እስክገዛ ብዬ እዚያው አካባቢ ካሉት ትንንሽ ሱቆች አንዱ ውስጥ ገባሁና ርካሹን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩ። ሻጩ ከመስታወቱ ሥር አንድ ቀይ ታጣፊ ስልክ አወጣና ጧ አድርጎ ከፈተው። «ይሄ ያልያዘው ነገር የለም» አለኝ። አልዋሸም። ሁለት ሲም ይቀበላል፤ ሬዲዮ አለው፤ አናቱ ላይ ጨለማ የሚሰነጥቅ መብራት አለው፤ ቁጥር ሲነኩት በሴት ድምፅ እየጮኸ ይቆጥራል፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንቱን ይዘልቃል። ሲዘጋ ጧ ማለቱ ደግሞ ለተናደደ ሰው ደስ ይላል፤ እኔ ደግሞ ቶሎ እናደዳለሁ።

ቢሮ ስከፍተው ግን ሁሉም ዞር አለ። ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «ውይ፣ ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ? ቪንቴጅ ነው በያ!» አለችኝ። ስብሰባ ላይ በጠረጴዛው ሥር ደብቄ ቁጥር ልጽፍ ስል የስልኩ ሴትዮ «ዜሮ! ናይን!» ብላ ጮኸች። አለቃዬ ንግግሩን አቋርጦ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጠራ ደረጃው ላይ ወጥቼ ማንሳት ጀመርኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተደግፌ።

ሻጩ ያላሳየኝን ነገር ያገኘሁት በኋላ፣ ድምፁን ለመቀነስ ስጎረጉር ነው። ስታወሪ ከኋላሽ የሌላ ቦታ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ነበረው። መኪና የሚበዛበት መንገድ፣ ዝናብ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ሰው የሞላበት ቤት። አልጋሽ ላይ ተጋድመሽ መንገድ ላይ ያለሽ ትመስያለሽ። ይህንን ለአዲስ አበባ ሰው መስጠት ለሌባ የበር ቁልፍ እንደመስጠት ነው። ከቤቱ ሳይወጣ «ደርሻለሁ፣ ታጠፍኩ» የማይል ማን አለ? እኔ አያት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ፣ ፊቴን ሳልታጠብ ለቢሮ ደውዬ፣ የመንገዱን ድምፅ ከኋላዬ ለቅቄ፣ «መገናኛ ተዘጋግቷል» አልኩ። ስደርስ ያቺው ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «የዛሬው መገናኛ ረዳት የለውም እንዴ? አንድም የሚጣራ አልሰማሁም» አለችኝ። ተሳስቀን አለፈ።

አባቴ የሚኖረው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ታክሲው ከሚያቆምበት ተነስተው በባሕር ዛፉ መሃል በእግር ከሚወጡበት ዳገት ላይ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የዚያው የእንጦጦ ደን ጥበቃ ነበር። ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ይጫወታሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ እኔ ኦሮምኛውን እሰማለሁ እንጂ ስመልስ ያስቃቸው ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ እሁድ እሁድ እንደምመጣ ቃል ገባሁለት። እሱ አልጠየቀኝም። ለቅሶው ላይ፣ በሰው ፊት፣ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔው ነኝ።

ታጣፊውን ስልክ ከሰው ሁሉ የወደደልኝ አባቴ ነው። ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ከፍቶ ይዘጋዋል። «ይሄ ልክ አለው፤ ስታወሪ ይከፈታል፣ ስትጨርሺ ይዘጋል» አለ። በሳምንቱ ጥቁሩን ገዝቼ ወሰድኩለት። ቁልፎቹን እያሳየሁት ሳለ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደ እኔ ስልክ ደወለ፤ የውሃ ታንከሩ ጉዳይ ስብሰባ አለ፣ ለምን ቀረሽ ሊለኝ ነው። እኔም ሰው የሞላበትን ቤት ከኋላዬ ከፈትኩና «ክርስትና ላይ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይሰማኝም» ብዬ ጮኽኩበት። አባቴ ባዶውን ግቢ ዞር ብሎ አየና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እስቲ አሳዪኝ» አለ። አሳየሁት። መንገዱንም፣ ዝናቡንም፣ ሰዎቹንም አንድ በአንድ አሰማሁት፤ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫንም ነገርኩት። ዳገቱን ወርጄ ሳልጨርስ ይረሳዋል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ እሁዶቹን አላጓደልኩም። ከዚያ አንዱ እሁድ በእውነት አመመኝ። ሌላው በእውነት ሥራ ነበረብኝ። የሚቀጥለው ግን እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ እሱን አልጋዬ ላይ ሆኜ እንዴት ብዬ ልንገረው? ዓይኔን በጨው አጥቤ መንገዱን ከኋላዬ ለቀቅኩና «አባዬ፣ ወጥቼ ነበር እኮ፣ ለሩጫ ብለው መንገዱን ዘግተውታል» አልኩት።

«ግዴለም ልጄ፣ ተመለሽ» አለኝ። «እኔም ሰዎች ጋ ነኝ።»

እውነትም ከኋላው ሰዎች ይሰሙ ነበር። ብርጭቆ ይጋጫል፣ ይሳቃል፣ ይወራል። ጎረቤቱ ቤት መሆን አለበት አልኩ። እኚያ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ ከእናቴ ሞት በኋላ በኦሮምኛ የሚያጫውቱት ብቸኛው ሰው ነበሩ፤ እሁድ እሁድ ቤታቸው ሽማግሌ አይጠፋም። ልቤ ቀለል አለው። እንዲያውም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ቅር አለኝ፤ እኔ ስቀር እንደዚህ የሚደምቅ ከሆነ ለምን እሄዳለሁ አልኩ። ያቺን ቅሬታ ይዤ ብዙ እሁድ ቀረሁበት። በደወልኩ ቁጥር መንገዱ ተዘግቶብኛል፤ በደወልኩ ቁጥር እሱ ሰዎች ጋ ነው። ስለ ሰዎቹ አንድም ቀን ማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም።

ከመስቀል በኋላ ባለ አንድ እሁድ ልብስ እያጠፍኩ፣ ስልኩን አልጋው ላይ በስፒከር አድርጌ፣ የተለመደውን እነግረዋለሁ። መኪኖቹ ከኋላዬ ጥሩንባ ይነፋሉ። እሱም የተለመደውን ይመልስልኛል። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ይሆናል፣ ያን ቀን ጆሮዬ የአባቴን ድምፅ አልፎ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ብርጭቆ ተጋጨ። አንዲት ሴት አጭር፣ ቀጭን ሳቅ ሳቀች። ወንበር ተጎተተ፣ አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ብርጭቆ ተጋጨ። ያችው ሴት ሳቀች። ወንበር ተጎተተ።

ሴትዮዋን አወቅኳት። ክርስትናው ላይ የሳቀችው ናት።

የያዝኩትን ሸሚዝ ይዤ ተቀመጥኩ። ከእኔ ኋላ መኪና ይነፋል፣ ከእሱ ኋላ ሴትዮዋ ትስቃለች፣ ሁለታችንም ባዶ ቤት ውስጥ ነን። ያን ሁሉ እሁድ እንዲህ ነበርን ማለት ነው። ወዲያው ሌላው ነገር መጣብኝ። መንገዱንም አሰምቼዋለሁ። ሰዎቹን ባሰማሁት ቀን ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ጥሩንባ፣ ጎኑ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ አሰምቼዋለሁ። ሽማግሌ ነው፣ አይለየውም ብዬ፣ ያሳየሁትን ውሸት መልሼ በራሱ ላይ ስጫወት ከርሜያለሁ። እሱ ደግሞ የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ «ግዴለም ልጄ፣ ተመለሽ» ይለኛል። የሰዎቹን ድምፅ የለቀቀልኝም እኔ እንዳይከፋኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የተሸማቀቅኩበት ሰዓት አላስታውስም፤ ስልክ ላይ መሆኔ፣ ፊቴን አለማየቱ ነው ያተረፈኝ።

መኪኖቹን አጠፋኋቸው። ክፍሉ ዝም አለ። አባቴም ንግግሩን አቆመ።

«ጸጥ አለልሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «መንገዱ ተከፈተ እንዴ?»

ድምፁ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግኩ። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ተናድጄ ስልኩን ጧ አድርጌ እዘጋው ነበር። አልነበረበትም።

«አዎ አባዬ፣ ተከፈተ። እየመጣሁ ነው።»

«እንግዲያው ሰዎቹን ልሸኛቸውና ልጠብቅሽ» አለ። ሴትዮዋ ሳቋን ሳትጨርስ ጠፋች።

በባቡር መገናኛ ወረድኩ። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል፣ የተዘጋ መንገድ ግን አልነበረም። ቀሪውን በታክሲ ሄጄ ፈረንሳይ መጨረሻው ላይ ወርጄ ዳገቱን ጀመርኩ። ሰፈሩ ከመድረሴ በፊት ተጠራጥሬ ቆምኩ፤ መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከአባቴ አጥር በታች የነበሩት ቤቶች የሉም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በቀዳዳው ሳይ የተቆለለ ድንጋይና የአንዱ ቤት ሰማያዊ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ይታያል። የጎረቤቱ ሳሎን ግድግዳ ነው። ልጅ ሆኜ እዚያ ግድግዳ ሥር ዳቦ በልቻለሁ።

አባቴ የጥበቃ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ደጅ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። ሳየው ከስቷል። ጎኑ ሻይ የጠጣበት አንድ ብርጭቆ ብቻ አለ። ብርጭቆውን እንዳየሁበት አየኝና «አሁን ነው የወጡት» አለ፤ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

ጉንጩን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላ ነው።

«እነ ጋሼ የት ሄዱ?»

«ከክረምቱ በፊት ለመንገድ ሥራ ተነሱ። አያት ማዶ ቤት ተሰጣቸው አሉ። ከእኔ ይልቅ ላንቺ ይቀርባሉ።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«መንገዱ እንደዚያ እየተዘጋብሽ» አለኝ፣ «ሌላ ጭንቀት ልጨምርብሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። ከኮቱ ኪስ ጥቁሩን ስልክ አወጣ፤ ጠርዙ ተፋፍቋል፤ ከእኔው ይልቅ ብዙ የተከፈተ ስልክ ነው። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ሲያብላላው የቆየ ጥያቄ እንዳለበት ሰው ጠጋ አለኝ።

«እስቲ ስሚልኝ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚያወሩት? ብቻዬን ስሆን እከፍታቸዋለሁ። አማርኛ አይደለም። የእኛም ቋንቋ አይደለም። ያቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ምን እንደሚያስቃት ቢገባኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።»

ተቀብዬው ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ብርጭቆ ተጋጨ፣ ሴትዮዋ ሳቀች፣ ወንበር ተጎተተ። «እኔም አይገባኝም» አልኩት። ቀና ብዬ ዓይኑን ላለማየት እንደገና ከመጀመሪያው አስጀምሬ አዳመጥኩት።