ሳይመጣ የቀረው በገናዬ

ከቤት የወጣሁ ሌሊት ሚስቴንና ልጆቼን ስሜ፣ በገናዬን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ትቼ ነው የሄድኩት። የልስን ሥራ አለ ተብዬ ስለነበር ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቼ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሬ፣ ሐርጌሳ ገባሁ። እነሆ፣ ዛሬም እዚሁ ነኝ።

እንግዲህ አገር ነው፣ ይለመዳል። ሰዉ አይከፋም። ላሆህ የሚሉት እንጀራ መሳይ ዓይናማ ነገር አላቸው፤ ማር አፍስሰው ሲበሉት ሳይ ግን የቤቴ ወጥ ይናፍቀኛል። ንፋሱ አቧራ እንጂ ውርጭ አያመጣም። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ዓቢይ ጾምን ያለ በገና መዋል ነው። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ጣቴ እየደማ ለብቻዬ የለመድኩት ነገር ነው፤ ከጾም ውጭም አልነካውም።

እሑድ እሑድ ዳሚ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተሰብስበን የምንጸልይ የአገር ልጆች አለን። ዘንድሮ በገናዬ እንደሚመጣ ለሁሉም ነገርኳቸው። ልጄ ምሕረትም «አባዬ፣ በጅግጅጋ አውቶቡስ ልኬዋለሁ» አለችኝ። ከጅግጅጋ ተቀብሎ የሚያሻግርልኝ ሐሰን ነበር፤ ድሬዳዋ ያደገ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ የዕቃ ማመላለሻ ሱቅ ያለው ሰው።

ጾሙ ገባ፤ በገናው የለም። ጾሙ ተጋመሰ፤ የለም። «ጋሽ ተክሌ፣ በገናው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» እያሉ የአገር ልጆቹ ይስቁብኝ ጀመር። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ሐሰን ሱቅ መሄድ ሆነ ሥራዬ።

«ጋሼ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ሙዝ አይደል፣ አይበሰብስ» ይለኛል።

«በገናው አይበሰብስም፤ ጾሙ ግን ያልቃል!»

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ «እናንተ ሙዚቃ ሐራም ነው ብላችሁ ጥላችሁት ይሆናል» አልኩት።

«አስተግፊሩላህ! ትናንት ያሻገርኩት የሠርግ ስፒከር ይህን ሱቅ ያክላል። ደግሞ ረመዳን ነው፤ በጾም አፌ እዋሽሃለሁ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል። ሁለታችንም በባዶ ሆድ ነው የምንጣላው።» ሳቀና ጅግጅጋ ያለው ወንድሙ ጋር ደወለ። ወንድሙ መናኸሪያውን ሁሉ አስሶ በማግሥቱ መልስ ሰጠ፤ በእኔ ስም የመጣ ምንም ዕቃ የለም።

እዚያው ሐሰን ፊት ለምሕረት ደወልኩ። እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ምሕረት፣ በየትኛው አውቶቡስ ነው የላክሽው?»

«በዚያ... በትልቁ አባዬ። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል እኮ።»

ይህን እያለች ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም፣ የሚነዝር። ሰው የራሱን ልጅ ሳል ከሌላው ልጅ ሳል ይለያል። የበግ አንጀት ፈትዬ በእጄ የወጠርኩት የበገናዬ አውታር ነው።

«ማነው የነካው?»

ሐሰን ፊቱን አዙሮ የተደረደረውን ካርቶን እንደገና መደርደር ጀመረ።

«እማዬ ናት። አቧራውን ስትጠርግ ነው።»

ልጆቼን ያሳደግኩት «ከሰረቀ የዋሸ ይብሳል» እያልኩ ነው። እሷ ደግሞ በጣም የማምናት ነበረች። ያንን ሁሉ ጊዜ አውቶቡስ እየቆጠረችልኝ፣ እኔ ምንም ያላደረገኝን ሰው በእምነቱ ስሰድብ፣ በገናው ከግድግዳው አልወረደም።

«ለምን?» አልኩ።

«ጋቢዬን ላኩ አልክ፣ ላክን። ዳዊቴን ላኩ አልክ፣ ላክን። እሱም ከመጣልህ፣ ወደዚህ ምን ይመልስሃል?»

ተቆጣሁ። ውሸት በምንም ምክንያት ጽድቅ እንደማይሆን ነገርኳት፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ሐሰንንም ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «አብሽር ጋሼ» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ልላከው?» አለች በመጨረሻ።

ላኪው ልላት ነበር፤ ግን «እዚያው ይቆይ፤ አውታሮቹን አላሊያቸው» አልኳት። «ማንም ሳይደረድረው ተወጥሮ ከከረመ ይበጠሳል።»

«እስከ መቼ?»

ከውጭ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሐሰን ሊያፈጥር ተምር አፉ ውስጥ አደረገ። እሷ ገና መልሴን ትጠብቃለች።